ድፍድፉ ሄደ፣ ውሃው ቀረ

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የነዳጅ ጉዳት ሲነሳ ብዙዎቻችን ፊት የሚደቀነው አንድ ምስል ነው። መርከብ ተሰብሮ፣ ባሕሩ ጠቁሮ፣ ወፎች ዘይት ተለውሰው። ምስሉ ውሸት አይደለም። በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ባሕር ላይ ዐለት መትታ ከ40 ሚሊዮን ሊትር በላይ ድፍድፍ አፍስሳለች። ቼኔጋና ታቲትሌክ በሚባሉት መንደሮች የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች ከባሕር የሚበሉትን ሁሉ መጠራጠር የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።

እኔ ግን ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለ አደጋ አይደለም። ስለ አዘቦት ቀን ነው። ምንም ሳይፈነዳ፣ ምንም ሳይሰበር፣ ሠራተኛው ሥራውን ሠርቶ በሰዓቱ በሚገባበት ቀን ስለሚደርስ ጉዳት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ባነበብኩ ቁጥር አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይኸኛው ነው። አደጋ ቢያንስ ማንም አቅዶት አይመጣም። ይሄ ግን ቁጭ ተብሎ፣ ሂሳብ ተሠርቶ የተወሰነ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከውሃ እንጀምር። ድፍድፍ ነዳጅ ከመሬት ሥር ብቻውን አይወጣም። ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው። ይህ ውሃ ደግሞ የምንጭ ውሃ አይደለም። ለሚሊዮኖች ዓመታት ከድንጋይና ከዘይት ጋር ተዘግቶበት የኖረ ነው። ሙቅ ነው። ብዙ ጊዜ ከባሕር ውሃ በላይ ይጨውማል። ዘይት አለበት፣ ከባድ ብረቶች አሉበት፣ አንዳንዴም ጨረር የሚያመነጩ ነገሮች አሉበት። ጉድጓዱ እያረጀ ሲሄድ ድፍድፉ ይቀንስና ውሃው ይበዛል። ያረጀ ጉድጓድ ለአንድ በርሜል ድፍድፍ ብዙ በርሜል ውሃ ይተፋል።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ውሃ የት ይሂድ? መልሱ ከታወቀ ቆይቷል። ወደወጣበት ጥልቀት መልሶ ማስገባት ነው። ፓምፕ ይፈልጋል፣ ተጨማሪ ጉድጓድ ይፈልጋል፣ ገንዘብ ይፈልጋል። ምሥጢር ግን የለውም። ሌላው አማራጭ አጠገብ ያለው ጅረት ውስጥ መልቀቅ ነው። እሱ ርካሽ ነው።

አሁን ወደ ኢኳዶር እንሂድ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቁ የአማዞን ደን። ኮፋን፣ ሲዮና፣ ሲኮፓይ የሚባሉ ሕዝቦች አገር ነው። በ1964 ቴክሳኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እዚህ ነዳጅ የመፈለግ ፈቃድ አገኘ። በ1967 ድፍድፍ ወጣ። ካምፑ የተተከለበትን ቦታ ላጎ አግሪዮ አሉት፣ ጎምዛዛ ሐይቅ እንደማለት ነው። ስሙ የመጣው ከቴክሳስ ነው። ኩባንያው የተወለደበት ከተማ ሳወር ሌክ ይባላልና እሱን ወደ ስፓኒሽ መለሱት። ገና ከስሙ ጀምሮ የባለአገሩ ነገር የለበትም።

በ1972 ድፍድፉን ከደኑ አንስቶ፣ የአንዲስን ተራራ አሻግሮ፣ ፓስፊክ ዳርቻ የሚያደርስ ቧንቧ አለቀ። ምርቱ በሙሉ ኃይሉ ተጀመረ። ቴክሳኮ ሥራውን እስከ 1990 መራ፣ በ1992 ጠቅልሎ ወጣ። በእነዚያ ዓመታት ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ወደ ጅረቶች ነበር የሚለቀቀው። በኋላ ኩባንያውን ፍርድ ቤት ያቆሙት የአካባቢው ሰዎች የሚጠቅሱት መጠን 16 ቢሊዮን ጋሎን ነው። በሊትር ወደ 60 ቢሊዮን ይጠጋል።

ከጉድጓዶቹ አጠገብ የነበሩትን ኩሬዎች ልግለጽላችሁ። አፈሩ ላይ ተቆፍረው ምንም ያልተነጠፈባቸው ኩሬዎች ናቸው። ሲሚንቶ የለ፣ ፕላስቲክ የለ። የቁፋሮ ጭቃና የድፍድፍ ዝቃጭ ይደፋባቸዋል። ያ አገር ደግሞ ዝናብ የማይለቀው ነው። ኩሬው ሲሞላ እንዳይገነፍል አንድ ቱቦ ከጎኑ ይሰኩለታል፣ እንደ ዝይ አንገት የተቆለመመ። ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከሥሩ ያለው ውሃ በቱቦው እየወጣ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር። ማንም ቫልቭ መክፈት አይጠበቅበትም። ይህንን ቱቦ አንድ ሰው ወረቀት ላይ ስሎታል፣ ሌላው ገጥሞታል። አደጋ አይደለም ያልኳችሁ ይሄን ነው።

ብዙዎቹ ኩሬዎች በኋላ አፈር ተደፍቶባቸዋል። ሣር በቅሎባቸዋል፣ ሰው ቤት የሠራባቸውም አሉ። ግን አንዳንዶቹ ላይ ዘንግ ወደ መሬት ሰደው መልሰው ሲመዙት ጫፉ ጥቁርና የሚያጣብቅ ሆኖ ይወጣል። ሽታው ፀሐይ የመታው አስፋልት ነው።

ጅረቱን የሚጠጡት እነማን ነበሩ? የኮፋን ሰው ቧንቧ አልነበረውም። የሚጠጣው ከወንዝ፣ የሚታጠበው ወንዝ ውስጥ፣ ዓሣው ከወንዝ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት እዚያው ነው። እኛ ውሃ ሲበላሽብን ሌላ እንገዛለን። ለእነሱ ወንዙ ሲበላሽ ማዕዱም፣ መታጠቢያውም፣ መንገዱም አንድ ላይ ነው የተበላሸው።

ቴቴቴ የሚባል ሕዝብ ደግሞ በዚያው አካባቢ ነበር። ያመነመናቸው ነዳጅ ብቻ አይደለም፣ የጎማ ነጋዴዎች ዘመን አስቀድሞ ጎድቷቸው ነበር። ነዳጁ ሲደርስ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ አንድም የሉም። ስማቸው ግን አለ፣ የነዳጅ መስክ መጠሪያ ሆኖ።

ስለ ክሱ የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይጠፋ ቶሎ ልበልና ልለፈው። የአካባቢው ነዋሪዎች በ1993 ኒው ዮርክ ላይ ከሰሱ። ጉዳዩ ከዓመታት በኋላ ወደ ኢኳዶር ተመለሰ። በ2011 የላጎ አግሪዮ ፍርድ ቤት ቴክሳኮን በገዛው ሼቭሮን ላይ ፈረደ፣ በ2013 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መጠኑን ወደ 9.5 ቢሊዮን ዶላር አወረደው። ኩባንያው በበኩሉ 40 ሚሊዮን ዶላር አውጥቼ ድርሻዬን አጽድቻለሁ፣ መንግሥትም ፈርሞ አሰናብቶኛል፣ ከእኔ በኋላ ያመረተው የመንግሥት ኩባንያ ነው ይላል። በ2014 አንድ የኒው ዮርክ ዳኛ የኢኳዶሩ ፍርድ በማጭበርበር የተገኘ ነው ብሎ ወሰነ፣ ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ስለ ከሳሾቹ ጠበቆች ብዙ ተጽፏል፣ እውነትም መጻፍ ያለበት ነገር ነበር። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። 30 ዓመት ሙሉ ክርክሩ ማን ይክፈል በሚለው ላይ ሲዞር፣ ኩሬው እዚያው ነው ያለው። የኒው ዮርኩ ውሳኔ ውሃውን ንጹሕ ነው አላለም።

አሁን አትላንቲክን እንሻገርና ናይጄሪያ እንግባ። የኒጀር ወንዝ ባሕር ከመድረሱ በፊት በብዙ ክንድ የሚከፋፈልበት አገር ነው። ኦጎኒ የሚባሉት ሕዝቦች ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ናቸው። መሬታቸው ላይ ነዳጅ የተገኘው በ1958 ነው። ደራሲው ኬን ሳሮ-ዊዋና ጓደኞቹ ይህ ይብቃ ብለው ተነሱ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1993 ወደ 300,000 የሚጠጋ ኦጎኒ አደባባይ እንደወጣ ይነገራል። እዚያ ያመርት የነበረው ሼል የተባለው ኩባንያ በዚያው ዓመት ማምረቱን አቁሞ ወጣ። ኖቬምበር 10 ቀን 1995 የጊዜው ወታደራዊ መንግሥት ሳሮ-ዊዋንና ስምንት ጓደኞቹን ሰቀላቸው። ናይጄሪያ ይቅርታ አድርጌላቸዋለሁ ያለችው በ2025 ነው፣ ከ30 ዓመት በኋላ። ምን አጥፍተው ነው ይቅርታ የሚደረግላቸው ብለው የጠየቁ ብዙዎች ናቸው። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ምርቱ ቆሟል ብለናል። እንግዲህ መሬቱ ያገግማል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ባለሙያዎች አፈሩንና ውሃውን መርምረው በ2011 ሪፖርት አወጡ። ምርት ከቆመ 18 ዓመቱ ነው። ቧንቧዎቹ ግን አሁንም መሬቱን አቋርጠው ያልፋሉ። ያረጁት ያፈሳሉ፣ ድፍድፍ ሰርቆ በየጫካው የሚያጣራውም የራሱን ይጨምራል። ሪፖርቱ ሁለቱንም አንስቷል።

ኒሲሲዮከን ኦጋሌ በምትባል መንደር ያገኙትን ስሙኝ። ሰዎቹ ከሚጠጡበት የጉድጓድ ውሃ ቀዱ። ውሃው ውስጥ ቤንዝን አለ። መኪና የሚሞላው ቤንዚን ማለቴ አይደለም፣ ቤንዝን ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ኬሚካል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ገደብ በ900 እጥፍ በልጦ ተገኘ። እዚያው አጠገብ ከመሬት ሥር ባለው ውሃ ላይ 8 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የተጣራ ነዳጅ ተንሳፍፎ ነበር። መዳፋችሁን ብትዘረጉት ወርዱ ያንን ያህል ነው።

ከቁጥሩ በላይ እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰዎቹ ያውቁ ነበር። ውሃው እኮ ይሸታል። እናት ከጉድጓዱ ትቀዳለች፣ ይሸታታል፣ ትጥዳለች። ሌላ ውሃ የለማ። መርማሪዎቹም ይህንን ጽፈዋል፤ ነዋሪዎቹ መበከሉን እያወቁ የሚጠጡት፣ የሚያበስሉበትና የሚታጠቡበት አማራጭ ስለሌላቸው ነው ብለዋል። ሪፖርቱ መሬቱ እስኪያገግም ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊፈጅ ይችላል ይላል። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ብቻ 1 ቢሊዮን ዶላር እንዲመደብም ጠየቀ። ጽዳቱን የሚመራው የመንግሥት ፕሮጀክት ከወረቀት ወጥቶ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሌላ አምስት ዓመት አልፎ ነበር።

ይህ የድሃ አገር ችግር ነው የሚል ካለ ካናዳን ይመልከት። በአልበርታ ግዛት ከአሸዋ ጋር የተለወሰ ሬንጅ እየታጠበ ነዳጅ ይሆናል። የታጠበበት ውሃ በትልልቅ ኩሬዎች ይጠራቀማል፣ ዛሬ ከ1 ትሪሊዮን ሊትር በላይ ደርሷል። በሜይ 2022 ኢምፔሪያል ኦይል በሚያስተዳድረው የከርል ማዕድን አካባቢ ከኩሬ የሰረገ ውሃ ታየ። ፎርት ቺፔውያን ያሉት ነባር ሕዝቦች የችግሩን ልክ ያወቁት ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው፣ በፌብሩዋሪ 2023 ሌላ 5.3 ሚሊዮን ሊትር ከፈሰሰ በኋላ። በዚያ ዘጠኝ ወር ውስጥ አድነዋል፣ አጥምደዋል፣ በልተዋል። ሀብታም አገር፣ ሕግ ያለበት አገር፣ ስልክ የሚሠራበት አገር ነው። ስልክ የሚደውልላቸው ግን ጠፋ።

ወደ ኢኳዶር ልመልሳችሁና ስለ መንገድ ላንሳ። ለጉድጓድ መንገድ ያስፈልጋል። መንገድ ሲከፈት ኩባንያው ብቻ አይገባም። መሬት ፈላጊ ይገባል፣ እንጨት ቆራጭ ይገባል፣ መጠጥ ቤት ይከፈታል። ወደ ዋኦራኒ ሕዝብ አገር የገባው የነዳጅ መንገድ እስከ ዛሬ ቪያ አውካ ይባላል። አውካ በኪችዋ ቋንቋ አረመኔ ማለት ነው፣ ሌሎች ዋኦራኒዎችን የሚጠሩበት ስድብ ነበር። እስቲ አስቡት። አገራችሁ ውስጥ ሳትጠየቁ መንገድ ይቀደዳል፣ ከዚያ በስድባችሁ ይሰየማል። የዋኦራኒ ዘመዶች የሆኑት ታጋኤሪና ታሮሜናኔ ከውጪ ሰው መገናኘት አንፈልግም ብለው ደኑ ውስጥ ጠልቀው የሚኖሩ ናቸው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር የሚሸሹበት ያጥርባቸዋል።

ሳይጠየቁ አልኩ። ሕጉ እኮ ጠይቁ ይላል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1989 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 169 አለ። በ2007 የተባበሩት መንግሥታት በ144 ድምፅ ያጸደቀው የነባር ሕዝቦች መብት መግለጫም አለ። ነገሩ ሦስት ነው። ሰዎቹ ሳይገደዱ፣ ሥራው ሳይጀመር፣ ነገሩን አውቀውት ይወስኑ። በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። መሬት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ሁለት መንደር ልንገራችሁ።

አንዱ ሳራያኩ ነው፣ እዚያው ኢኳዶር ያሉ የኪችዋ ሰዎች መንደር። በ1996 መንግሥት መሬታቸውን ያካተተ የፍለጋ ውል ከኩባንያዎች ጋር ሲፈርም አልነገራቸውም። በኋላ የአርጀንቲናው ኩባንያ 60,000 ዶላር ይዞ መጣ፣ ጉባኤያቸው እምቢ አለ። ከዚያ ሐኪሞች መጡ። ለመታከም ስም መጻፍና መፈረም ይጠበቅ ነበር፤ ምስክሮች እንደተናገሩት ያ ፊርማ በኋላ ኩባንያውን እንደግፋለን የሚል ደብዳቤ ሆኖ ቀረበ። ልጇን ልታሳክም የፈረመች እናት ለነዳጅ እንደፈረመች ተቆጠረ ማለት ነው። በ2002 እና 2003 ኩባንያው ገብቶ ወደ 1,400 ኪሎ የሚጠጋ ፈንጂ መሬታቸው ውስጥ ቀበረ። ከመሬት ሥር ያለውን ነዳጅ በፍንዳታ ድምፅ ለማንበብ ነው። ሰዎቹ እርሻቸውን ትተው ለወራት ድንበራቸውን ጠበቁ፣ ምግብ አለቀባቸው። በ2012 የአሜሪካ አገራት የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። መንግሥትም ይቅርታ ጠየቀ። ፈንጂው ግን አብዛኛው አሁንም መሬት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ዋኦራኒ ነው፣ በፓስታሳ ግዛት ያሉት። በ2012 የመንግሥት ሰዎች መጥተው አማክረናችኋል አሉ። ዋኦራኒዎቹ ግን የሚያስታውሱት ሰዎች መጥተው ባልገባቸው ቋንቋ አውርተው መሄዳቸውን ነው። በ2019 ከሰሱ። ችሎት ላይ ብቁ አስተርጓሚ አልቀረበላቸውም። ሴቶቹ ምን አደረጉ? ተነስተው ዘፈኑ። አላቆሙም። ችሎቱ ተቋርጦ ሌላ ቀን ተቀጠረ። ልብ በሉ፣ የክሱ ጭብጥ በማይገባን ቋንቋ ተማከርን የሚል ነው፣ ችሎቱ ያንኑ ሊደግመው ነበር። በኤፕሪል 2019 ፍርድ ቤቱ ምክክሩ ትክክል አልነበረም ብሎ ወሰነ። 180,000 ሄክታር የሚሆን ደን ለጨረታ ከመቅረብ ዳነ። ከመሪዎቹ አንዷ ኔሞንቴ ኔንኪሞ ናት።

አሁን የማይመች ነገር ልናገር። ሁሉም ነባር ሕዝብ ነዳጅን አይቃወምም። በኦገስት 2023 ኢኳዶር ያሱኒ በተባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው አንድ የነዳጅ ክልል ይዘጋ ወይስ ይቀጥል ብላ ሕዝቡን ጠየቀች። 59 ከመቶ የሚሆነው ይዘጋ አለ። ዓለም አጨበጨበ። ነዳጁ በሚወጣበት በኦሬላና ግዛት ግን አብዛኛው መራጭ ይቀጥል ነው ያለው። ከክልሉ አጠገብ ካሉት የዋኦራኒ መንደሮችም ይቀጥል ያሉ ነበሩ።

ለምን? ክሊኒኩን የሠራው የነዳጅ ኩባንያው ነው። ትምህርት ቤቱንም፣ ጀልባውንም። ለታመመ ሰው ሄሊኮፕተር የሚልከውም እሱ ነው። መንግሥት በሌለበት ቦታ ኩባንያ መንግሥት ይሆናል። ኩባንያው ሲወጣ ነርሷም አብራ ትወጣለች ብሎ የሚፈራ ሰው ይቀጥል ቢል እኔ አልፈርድበትም። የሚያሳዝነኝ ምርጫው ነው። መድኃኒትና ንጹሕ ወንዝ ለምን ተለዋጭ ሆኑ? የከተማ ሰው ክሊኒክ ሲሠራለት የሚጠጣውን ውሃ አስይዝ አይባልም። አንድ ሕዝብ በነጻነት ተስማማ የሚባለው እምቢ ብሎም ሐኪም የሚያገኝ ሲሆን ነው። ያ እስካልሆነ ድረስ ፊርማው የሳራያኩ ፊርማ ነው።

ልጨርስ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የኮፋን፣ የሲዮና፣ የሲኮፓይና የዋኦራኒ ወጣቶች አንድ ላይ ሆነው በየመንደሩ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ሲተክሉ ቆይተዋል። ቀላል ነገር ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ በአሸዋና በጠጠር ተጣርቶ በርሜል ውስጥ ይገባል። ኔንኪሞም ወደ ትግሉ የገባችው በዚህ ሥራ በኩል ነው። ቤቱ ወንዝ ዳር ነው፣ ሰውየው በየቀኑ ወንዙን ያየዋል፣ የሚጠጣው ግን ከጣሪያው ነው።

ዝናቡም ቢሆን የሚመጣው በጋዝ ችቦዎቹ ላይ አልፎ ነው። ከድፍድፉ ጋር የሚወጣውን ጋዝ ሰብስቦ ከመጠቀም ማቃጠል ይቀላል ተብሎ በዚያ ደን ቀንና ሌሊት የሚነድዱ ችቦዎች አሉ። ጥላሸታቸው ጣሪያ ላይ ያርፋል። የአካባቢው ዘጠኝ ልጃገረዶች መንግሥትን ከሰሱ። በጃንዋሪ 2021 የግዛቱ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፣ ለሰው መኖሪያ የቀረቡት ችቦዎች በቅድሚያ ይጥፉ ተባለ። የተሰጠው ቀን በ2023 አለፈ። ችቦዎቹ እየነደዱ ነው፣ ልጆቹም እያደጉ ነው።

አመሰግናለሁ።